ማባዛት ማብዛት ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? የ5ኛ ክፍል የቤት ሥራ አስጨንቆኛል

የዓሣ ቤቷ እናት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ። ሐይቁ ዳር ትንሽዬ ዓሣ ቤት አለችኝ፤ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ እሠራለሁ። እስከ 8ኛ ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሒሳብ የሚዛንና የብር ነው፤ በዚያ ግን ማንም አያታልለኝም ባይ ነኝ።

ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ገደማ፣ ደንበኛ ሲቀንስ፣ አንዱን ጠረጴዛ ጠርጌላት ደብተሯን ዘረጋች። «ሳታባዙ አወዳድሩ» ይላል ትእዛዙ። ከሥሩ እንዲህ ተደርድሯል፦

3/4 × 12 ____ 12
5/4 × 12 ____ 12
4/4 × 12 ____ 12
2/3 × 9 ____ 3/4 × 9
2/5 × 10 ____ 2/5 × 15
2/3 × 9 ____ 3/4 × 8

ባዶ ቦታው ላይ የይበልጣል፣ የያንሳል ወይም የእኩል ነው ምልክት ማስገባት ነው።

ልጄ የመጀመሪያውን ሳታመነታ «ይበልጣል» ብላ ሞላች። ለምን ስላት «እማዬ፣ ማባዛት እኮ ነው! ማባዛት ማለት ማብዛት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ተቀበልኩ። በዛ፣ አበዛ፣ አባዛ። ቃሉ ራሱ እየነገረን እኛ ምን ቤት ነን? ለማንኛውም ብዬ ስልኬ ላይ ባሰላው 9 አለኝ። ደግሜ መታሁት። 9። 12ን አባዝተነው አነሰ። ከልጄ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን።

ከዚያማ ሁሉንም በስልክ እያሰላሁ ምልክቱን አስሞላኋት። «ሳታባዙ» የምትለዋን ቃል እንዳላየ ዘለልኳት። ዓርብ ደብተሩ ተመልሶ መጣ። ስድስቱም ልክ ነው። ስድስቱም ላይ ግን በቀይ «እንዴት አወቅሽ?» ተብሎ ተጽፏል። ማርክ የለም። ለሰኞ ምክንያቱን ጽፋ እንድትመጣ ታዛለች። ልጄ አኮረፈች፤ እኔም ከልቤ ተናደድኩ። ልክ የሆነ መልስ እንዴት ማርክ ይከለከላል? ደንበኛ ሒሳቡን በትክክል ከከፈለኝ «ብሩን ከየት አመጣኸው?» ብዬ እጠይቃለሁ?

እስኪ የሚያውቅ ያስረዳኝ። ማባዛት እንዴት ሆኖ ነው የሚያሳንሰው? ሳይሰላስ እንዴት ይታወቃል? የመጨረሻው ደግሞ ለብቻው ግራ ነው፤ ሁሉም ቁጥር ተለያይቶ እኩል ሆኖ ቁጭ አለ።

ፈጣን መልስ

ቀላል ነው። ክፍልፋዩን ብቻ እዩ። ክፍልፋዩ የበለጠው ብዜቱም ይበልጣል። 3/4 ከ2/3 ስለሚበልጥ የመጨረሻውም ላይ 3/4 × 8 ይበልጣል። ስልክሽ ተሳስቶ ይሆናል።

ባጃጅ ነጂው

ወንድሜ ፈጣን፣ እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ምክር ነው።

እትዬ፣ እንደምን አመሹ። የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው። የድሮው ባለቤት ከቀኑ ገቢ እርቦ ይሰጠኝ ነበር። ሌላ ሰው መጣና «እኔ ሲሶ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ሲሶ ከእርቦ ይበልጣላ! ዘልዬ ገባሁ። ያን ቀን ጓደኞቼን ምሳ ጋበዝኩ፣ ገቢዬ አደገ ብዬ።

የድሮው ባጃጅ ደህና ነበር። ከግሽ ዓባይ ፔዳ እየተመላለስኩ 1,600 ብር አስገባበት ነበር። የ1,600 እርቦ 400 ነው። አዲሱ ባለቤት የሰጠኝ ግን ያረጀ ነው፤ ግማሹን ቀን ጋራዥ ነው የሚውለው። ቢቀናኝ 1,200። የ1,200 ሲሶ ስንት ነው? 400! ያው በገሌ። ምሳው ከኪሴ ሄደ።

ስለዚህ የስንቱ ሲሶ እንደሆነ ሳትጠይቁ በሲሶ አትደሰቱ። የእትዬ ስልክ አልተሳሳተም።

ጡረተኛው መምህር

እንደምን አመሹ እህቴ። እኔ ፔዳ፣ የመምህራን ኮሌጁ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት እዚያው የሠለጠንኩ ነኝ። ሒሳብ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጥያቄዎን ሳይ እጄ ጠመኔ ፈለገ።

አስቀድሜ ስለ መምህሩ። ማርክ መከልከሉን እኔም አልወደውም፤ እኔ ብሆን ግማሹን እሰጥ ነበር። ጥያቄው ግን ደግ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ቁጥር መምታት ትችል እንደሆነ አልነበረም የተጠየቀችው፤ ቁጥሩን አይታ ወዴት እንደሚያጋድል ታውቅ እንደሆነ ነው። እርስዎም እኮ ዓሣ ሲገዙ ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ በእጅዎ አንሥተው ይገምታሉ።

የልጅዎ ስሕተት የሞኝ ስሕተት አይደለም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስታባዛ ያየችው ሁሉ እያደገ ነው። 2 × 12 ሁለት ጊዜ 12፣ 3 × 12 ሦስት ጊዜ 12። ቃላችንም አብሮ ያሳስታል። ዳሩ ግን ያ ሕግ የሙሉ ቁጥሮች ሰፈር ሕግ ነው፤ እዚያው ሰፈር ውስጥም ሁለት አመፀኞች አሉበት። 1 × 12 ያው 12 ነው፣ አልበዛም። 0 × 12 ደግሞ ጭራሽ ባዶ ነው።

ክፍልፋይ ሲመጣ «ጊዜ» የሚለውን ቃል ተዉትና «የ» በሉ። «ሦስት አራተኛ ጊዜ 12» ጆሮ አይገባም። «የ12 ሦስት አራተኛ» ሲሉት ግን ነገሩ ወዲያው ይታያል፤ ከ12ቱ ላይ ተቆርሶ የተወሰደ ነው። የተቆረሰ ነገር ከሙሉው አይበልጥም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። 12 ኪሎ ቀረሶ ገዝተው ሲያስገፍፉ፣ ራሱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ስንት ኪሎ ፊሌቶ ይቀርዎታል? ሲሶ ቢደርስ ነው፣ 4 ኪሎ። ስለዚህ እርስዎ 1/3 × 12ን በየማለዳው ያባዛሉ ማለት ነው። አንድም ቀን ከ12 ኪሎ በላይ ፊሌቶ ይወጣል ብለው አልጠበቁም።

ሚስጥሩ ያለው 1 ላይ ነው። 12ን የሚያባዛው ቁጥር ከ1 ካነሰ ብዜቱ ከ12 ያንሳል። ልክ 1 ከሆነ እኩል ነው። ከ1 ከበለጠ ይበልጣል። ክፍልፋዩ ከ1 ማነሱን ለማወቅ ደግሞ ስሌት አያስፈልግም፤ ላዕላዩንና ታህታዩን፣ ማለትም የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር ማየት ነው። 3/4 ላይ ላዕላዩ ያንሳል፤ ስለዚህ ያንሳል። 4/4 ላይ እኩል ናቸው፤ አራት ቦታ ቆርሰህ አራቱንም ወሰድክ፣ 12 እዚያው አለ። 5/4 ላይ ላዕላዩ በለጠ፤ አንድ ሙሉ ወስደህ እርቦ ተመረቀልህ። ሦስቱ ጥያቄ አለቀ፣ አንድም ቁጥር አልመታንም።

ለልጅዎ በእጇ ያሳዩዋት። 12 ስንዝር ክር ይቁረጡ። አራት ላይ እጠፉት። ሦስቱን እጥፍ ብቻ ትያዝና ከሌላ 12 ስንዝር ክር ጎን ትዘርጋው። ማነሱን ታየዋለች። ከዚያ የታጠፈውን ክር አራቱንም እጥፍ ዘርግታችሁ፣ ከሌላው ክር አንድ እጥፍ ቆርጣችሁ ቀጥሉበት፤ 5/4 ያ ነው። እኔ ተማሪዎቼን በፒፒ ክር ነበር የማሳያቸው፤ የክፍሉ አለቃ ክሩን ለኳስ እየወሰደብኝ ተቸገርኩ እንጂ።

አራተኛው ላይ 9 በሁለቱም በኩል አለ፣ ስለዚህ የሚለየው ክፍልፋዩ ነው። 2/3 ይበልጣል ወይስ 3/4? እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይጠፋል። እኔ ሁሌም ከጎደለው ነው የምነሣው። ድሮ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ከመታወጁ በፊት፣ ሲሶ አራሽና እርቦ አራሽ የሚባል ነበር። ሲሶ አራሽ ከምርቱ ሲሶውን ለባለመሬቱ ሰጥቶ 2/3 ይቀረዋል። እርቦ አራሽ እርቦውን ሰጥቶ 3/4 ይቀረዋል። የትኛው ገበሬ ነው የተሻለ ጎተራ የሚሞላ? ትንሽ የጎደለበት! እርቦ ከሲሶ ስለሚያንስ ትንሽ የጎደለበት እርቦ አራሹ ነው። ስለዚህ 3/4 × 9 ይበልጣል። ልጆች 4 ከ3 ስለሚበልጥ እርቦ ከሲሶ ይበልጣል ይላሉ። አንዱን ዳቦ ለሦስት ልጅና ለአራት ልጅ ቆርሰው ያሳዩአት፤ የየትኛው ልጅ ቁራሽ እንደሚተልቅ ራሷ ትፈርዳለች።

(ዳቦ ካልኩ አይቀር፦ የጥንት ግብጾች ከ3,500 ዓመት በፊት ዳቦ ለ10 ሰው እንዴት እንደሚካፈል የሚያሳይ ሒሳብ ጽፈው ትተዋል። የጻፉበት ወረቀት የተሠራው ከደንገል ነው፤ የእኛ ታንኳ ከሚሠራበት ከዚያው ደንገል። ልጅዎ ሐይቁ ዳር ስትሄድ ያንን ያስታውሷት።)

አምስተኛው ተገላቢጦሽ ነው። ክፍልፋዩ አንድ ነው፣ 2/5። የ10 እና የ15። ከሰፊው ላይ የተቆረሰው ይበልጣል፤ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም።

ወደ ስድስተኛው እንምጣ። ባጃጅ ነጂው ልጄ በሚገባ ተናግሯል፤ ከስሮም ቢሆን። አንድ ልጨምር። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሶው ላይ ወረታ ትደርሳለህ፤ 60 ኪሎ ሜትር። አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ገደማ ነው። አንድ ሰባተኛው ላይ ዳንግላ ነህ፤ 80 ኪሎ ሜትር። 1/3 ከ1/7 በእጅጉ ይበልጣል። ዳንግላ ግን ከወረታ ይርቃል። ፈጣን መልስ የተባልከው ልጅ ይህን ልብ አድርግ።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። ክፍልፋዩም ሙሉ ቁጥሩም በአንድ ወገን ከበለጡ ያ ወገን ይበልጣል፣ ማስላት አያስፈልግም። ለምሳሌ 3/4 × 9 ከ2/3 × 8 ይበልጣል፤ በሁለቱም በኩል ነው የበለጠው። 2/3 × 9 እና 3/4 × 8 ላይ ግን በተቃራኒ ይጎትታሉ። አንዱ በክፍልፋዩ ይበልጣል፣ ሌላው በሙሉ ቁጥሩ። ታንኳ ላይ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ በተቃራኒ ሲቀዝፍ ወዴት እንደምትሄድ ዳር ቆሞ መናገር አይቻልም። ያን ጊዜ ማስላት ግድ ነው። ግን አባዝቶ ከማካፈል ይልቅ አካፍሎ ማባዛት ይቀላል። 9ን ለ3 ሲያካፍሉ 3፤ ሁለቱን ሲወስዱ 6። 8ን ለ4 ሲያካፍሉ 2፤ ሦስቱን ሲወስዱ 6። እኩል። ልጅዎ ይህኛው ላይ «ሳላሰላ አላውቅም፣ ምክንያቱም በተቃራኒ ይጎትታሉ» ብላ ብትጽፍ እኔ ሙሉ ማርክ እሰጣታለሁ።

የዓሣ ቤቷ እናት

ጋሽ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎት። ክሩን ሠርተነዋል፤ የዓሣ መረብ መጠገኛ ክር ነበረኝ። ድመቷ 3/4ኛውን ይዛ ሮጠች እንጂ በሚገባ ገብቷታል።

ስለ ፊሌቶው የገመቱት ልክ ነው፤ ግን ለትልልቁ ነው። ደቃቃው ከሆነ እርቦም የሚወጣው በመከራ ነው። ደቃቃ ዓሣ ራስና አጥንት ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጾም ሲገባ ዓሣ ይወደዳል። ለምሳሌ 400 የነበረው ጥብስ ላይ እርቦ ጨመርኩ እንበል፤ 500 ሆነ። ጾም ሲፈታ እርቦ ቀነስኩ። የጨመርኩትን ያህል ቀነስኩ ብዬ 400 እንደገባ ነበር የማስበው። 5/4 ያበዛል፣ 3/4 ያሳንሳል፣ ተጣፉ አይባልም?

የሒሳብ ሠራተኛ

አይጣፉም እትዬ። ሲጨምሩ የ400 እርቦ ነው፣ 100 ብር። ሲቀንሱ ግን የ500 እርቦ ነው፣ 125 ብር። ዋጋው 375 ላይ ቁጭ ይላል። «የስንቱ እርቦ?» የሚለው የባጃጁ ልጅ ጥያቄ ነው የተመለሰው። ሁለቱን ክፍልፋይ ብታባዟቸው 5/4 × 3/4 = 15/16፤ ከ1 ያንሳል። ስለዚህ ዋጋዎ ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ከነበረው ያንሳል። ወደ 400 መመለስ ከፈለጉ ከ500 ላይ አንድ አምስተኛውን ነው የሚቀንሱት፣ 4/5 × 500።

ቫትም ያው ነው። 15 ከመቶ ሲደመርበት ዋጋው በ115/100 ተባዛ ማለት ነው፤ ላዕላዩ በለጠ፣ ዋጋው አደገ። የ100 ብሩ 115 ሆነ። ከዚያ ከ115ቱ ላይ 15 ከመቶ ቀንሰው ወደ 100 የሚመለሱ የሚመስላቸው ሰዎች በየቀኑ ቢሮዬ ይመጣሉ። 97 ብር ከ75 ሳንቲም ነው የሚያገኙት። ተጣልተውኝ የሄዱም አሉ።

ፈጣን መልስ

እሺ፣ ተሳስቻለሁ። ዳንግላና ወረታን ካርታ ላይ አየሁት። የስልክሽን ስም አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ።

ባጃጅ ነጂው

የድሮው ባለቤት ጋ ደወልኩ። ሌላ ሰው ቀጥሯል።

የዓሣ ቤቷ እናት

ወይኔ ልጄን! አይዞህ፣ በዚህ በኩል ካለፍክ ጎራ በል፤ ዓሣ አልነፍግህም።

ሰኞ ደብተሩ ተመልሷል። የመጀመሪያው ላይ «የ12 ሦስት አራተኛ ስለሆነ እርቦ ጎድሎታል፤ ስለዚህ ያንሳል» ብላ ጻፈች። ስድስተኛው ላይ የጋሽ መምህርን «በተቃራኒ ይጎትታሉ» እንዳለ አስገባችው፤ ሥር ግን አስልታ እኩል መሆኑን አሳየች። ማርኩ ተሰጣት። በቀይ «ማን አስረዳሽ?» የሚል ተጨምሮበታል። ይህ መምህር ጥያቄ አያልቅበትም።

የዛሬውን ግን ልንገራችሁ። ዓሣ የሚያመጣልኝ ልጅ ሁሌ በእኩል ዋጋ ሁለት ምርጫ ይሰጠኛል፦ 15 ኪሎ ደቃቃ ወይም 12 ኪሎ ትልልቅ። እኔ ዘንድሮን ሙሉ 15ቱን ነው የምወስደው። 15 ከ12 ይበልጣላ! ማታ ቁጭ ብለን ፊሌቶ ስናወጣ ልጄ ቢላውን አየችና «እማዬ፣ የደቃቃው ስንት ስንተኛው ነው የሚወጣው?» አለችኝ። እርቦ አልኳት። «የትልልቁስ?» ሲሶ። ትንሽ ዝም አለችና «እነዚህም እኮ በተቃራኒ ይጎትታሉ፤ ማስላት ግድ ነው» ብላ እስክሪብቶዋን አወጣች። 15 ለ4 ሲካፈል 3 ኪሎ ከ750 ግራም። 12 ለ3 ሲካፈል 4 ኪሎ።

በቀን ሩብ ኪሎ ፊሌቶ። ዘንድሮን ሙሉ። ሚዛንና ብር ላይ ማንም አያታልለኝም ብዬ ጽፌላችሁ ነበር አይደል?

ስልኬን አነሣሁና ለልጁ ደወልኩ። ነገ 12ቱን አምጣልኝ አልኩት።

«ምነው እትዬ» አለኝ፣ «ገበያ ቀዘቀዘ እንዴ?»